የበሬው መቃብር

ሰው ሞቶ ፖሊስ ቤቴን ሲሞላው ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሾፌሩን ጠየቁት። ፎቶ አንሺዋን ጠየቋት። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚለጥፈውን፣ የዚያን ቀን ሱቁን እንኳ ያልከፈተውን ሰውዬ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው ጠየቁት። ለሟቹ የመጨረሻ ሻዩን የቀዳሁለት እኔ፣ ተጠርጣሪ ያሉትን ልጅ አፍንጫውን ጠርጌ ያሳደግሁት እኔ፣ «እማማ፣ እርስዎ እዚያ አረፍ ይበሉ» ተባልኩ። በገዛ ቤቴ! አረፍ የምልበት ወንበር ላይ ደግሞ ሳጅኑ ተዘርፍጦበታል።

«ፎጣዬስ?» አልኩት።

«የምን ፎጣ?»

«መምህሩ አንገቱ ላይ ጠምጥሞት የሄደው። ጠዋት ሲያስነጥሰው ጊዜ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሬሳው ሲመጣ አንገቱ ላይ የለም።»

ሳጅኑ ባልደረባውን አየና ሳቀ። «ሰው ሞቶ እማማ ለፎጣ ያለቅሳሉ።»

አላለቀስኩም። እኔ በሰው ፊት አላለቅስም። ትምህርት ቤትም ደጃፉን አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ጠርሙስና ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው። ግን ከቤቴ ምን እንደወጣና ምን እንዳልተመለሰ አውቃለሁ። እንግዳ የሚያሳድር ሰው ይህን ካላወቀ ያለ አንሶላ ይቀራል።

ቤቴ የጥንቱ መንገድ የሚጀምርበት ላይ ነው። ከጓሮዬ በታች የድንጋዩ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ማዶ የትክል ድንጋዮቹ ሜዳ፣ ከሜዳው በላይ ከአለት የተፈለፈሉት መቃብሮች፣ ከመቃብሮቹ በላይ ገደሉን ተጠግቶ የሚወጣ ቀጭን መንገድ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ፍርስራሹ ምሽግ። ሰው ከየአገሩ እየመጣ ይህን ሁሉ በእግሩ ይሄደዋል። ድሮ የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከመቃብሮቹ በአንዱ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ በሬ ተገኘ ተብሎ በጋዜጣ ከወጣ ወዲህ ግን አልጋ አልበቃ ብሎኝ እህል ማስቀመጫዬን ሳይቀር መኝታ ቤት አድርጌዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የበሬው መቃብር በየት በኩል ነው?»

የዚያን ቀን የመጡት ጥቂት ነበሩ። አንዱ መምህሩ ነው፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ፣ ይህን መንገድ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሮ የሚመላለስበት። ሌላው ታናሽ ወንድሙ ነው። ቤት ውስጥም ስለማያወልቀው ባለ ባርኔጣው እለዋለሁ። በሬውን ያገኘው እሱ ነው፤ በዚሁ ምክንያት ፎቶው ከነባርኔጣው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ሦስተኛዋ ስለ በሬው ለሚታተም መጽሐፍ ፎቶ ልታነሳ የመጣች ወጣት ናት። አስጎብኚያቸው የሟች እህቴ ልጅ ነበር፣ ሰው ቀጭኑ የሚለው።

እነሱ እንዳወሩት፣ መቃብሮቹ ጋ ሲደርሱ መምህሩና ቀጭኑ ደጅ ላይ ተጣሉ። ምን እንደተባባሉ በደንብ የሰማ የለም። ሁሉም የሰማው መምህሩ «አንተም ታውቅ ነበር!» ብሎ ሲጮህ ነው። ከዚያ መምህሩ ብቻውን ወደ ምሽጉ ሽቅብ ነጎደ። ቀጭኑ ተከተለው። ፎቶ አንሺዋና ባለ ባርኔጣው መቃብሩ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ብዙም ሳይቆይ ቀጭኑ ብቻውን በአቋራጩ ወርዶ ቤቴ መጣ። አውቶቡሱን አቁሞ ከሚጠብቀው ሾፌር አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም። «መምህሩስ?» ስለው «አልመለስም አሉኝ» አለ። ሾፌሩ ካርታ ሊያጫውተው ሞከረ። እዚያው እንደተቀመጡ ነው ጩኸቱ የመጣው። ፎቶ አንሺዋና ባለ ባርኔጣው ጨርሰው ሽቅብ ሲወጡ፣ መንገዱ መሃል ላይ ካለችው ጠባብ መታጠፊያ በታች መምህሩን ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ሐኪሙ ሳይወድቅ በፊት ግንባሩን በድንጋይ ተመትቷል አለ። ደም የነካው ድንጋይ መታጠፊያዋ ላይ ተገኝቷል።

ሳጅኑ ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለገውም። ሽቅብ ሲወጣ ማን ተከተለው? ቀጭኑ። ማን ተጣልቶት ነበር? ቀጭኑ። እጁን በካቴና አስሮ፣ እንግዶቼ እያዩ፣ በሳሎኔ መሃል አሳልፎ ወሰደው።

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ከከተማ መጣች። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ነው ከመኪና የወረደችው፤ ጥርሷን አሟት። ልጅ እግር አይደለችም፣ ግን የእኔ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?»

«እማማ እናትሽን በያት።»

ልትስቅ ብላ ጥርሷ ከለከላት። «እትዬ ልበል?»

«በይ። ልጄንም ፍቺልኝ።»

«ገዳይ አይደለም ለማለት ምን አለዎት?»

«አሳድጌዋለሁ።»

«ገዳዮችን የሚያሳድግ ሰው የለም?»

ይቺ ሴት ወንበር አልቀማችኝም፣ ግን ቃል ቀማችኝ። የሞቀ የጨው ውሃ ሰጠኋት፣ ተጉመጠመጠች። ከዚያ ወንበሬን አቅርባ ስለ ሁሉም ነገር ጠየቀችኝ። ስለ ፎጣው ስነግራት አልሳቀችም፣ አላመነችኝምም። «አክስቱ ነዎት» አለችኝ። «የአክስት ምስክርነት ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቁታል።»

ባለ ባርኔጣውን ምግብ ቤቴ ውስጥ አስቀምጣ አናገረችው። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ ጆሮዬን ግን ማጠቢያው ጋ አላስቀመጥኩትም። ባርኔጣውን ያን ቀን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎታል።

«ጠቡ በምን ነበር?» አለችው።

«ወንድሜ ለድንጋዮቹ ይሳሳ ነበር። ልጁ ጎብኚ ድንጋዩን ሲሸርፍ እያየ ዝም ይላል ብሎ ተቆጣው። ልጁ ግልፍተኛ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። «ማን ነው ግልፍተኛ? ያ ልጅ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ነው!»

«እትዬ!» አለች ኢንስፔክተሯ።

ተመለስኩ። ባለ ባርኔጣው መሃረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠራረገ። «እኔ መብራት ይዤ ቆሜ ነበር። ከእሱ ጋር ወጥቼ ቢሆን ኖሮ…» አለ፣ ሳይጨርሰውም ቀረ። እውነት ለመናገር አዘንኩለት። ወንድም ነዋ።

ፎቶ አንሺዋ የእሱን ቃል አጸናችለት። ከዚያ በፊት ሬሳ አይታ አታውቅም።

«በሬው የተቀረጸው በስሱ ነው» አለች። «ከፊት ለፊት ካበራሽበት አይታይም። ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። አጠገቡ ባለችው ትንሽ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ። እሳቸው እዚያ ገብተው መብራቱን በቀዳዳው ያዙልኝ።»

«ታዪያቸው ነበር?»

«ብርሃኑን ነው የማየው። ግን እዚያው ነበሩ፤ ብርሃኑ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ጨለማ ውስጥ ካሜራው ለአንድ ፎቶ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ የያዘው ሰው ትንሽ ካነቃነቀው ይበላሻል። እንደሳቸው ያለ ረዳት አግኝቼ አላውቅም።»

«አውርታችኋል?»

«አቧራ እንዳይነሳ እንዳያወሩም እንዳይንቀሳቀሱም ለምኛቸው ነበር። ስጨርስ ተጣራሁ፣ መጡ። ምስኪን፣ የመብራቱ ሙቀት በላብ አጥምቋቸዋል።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። እኔም ብርጭቆዬን አጠብኩ። በዚያች ቀን ሁለታችንም ጅሎች ነበርን።

ለቀጭኑ ሹራብና ብርድ ልብስ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። በሽቦው ማዶ ተቀምጧል፤ ባንድ ሌሊት ጭራሽ ቀጥኖ የሽቦው ቀዳዳ የሚያሾልከው መሰለኝ።

«አንተም ታውቅ ነበር ያለህ ምኑን ነው?»

«ተይኝ አክስቴ።»

«አልተውህም። የምታውቀው ምንድን ነው?»

«ብናገር ከዚህ አያወጣኝም። አንቺን ደግሞ ይጎዳሻል።»

«እኔን ምን ያደርገኛል? እኔ ምን አለኝ?»

«ቤትሽ አለሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠባቂው ጊዜው አልቋል አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ የማላውቀው መንገድ ሆነብኝ። ልጁ ዋሽቶኝ አያውቅም ብዬ እምል ነበር። ሰው ሳይዋሽም ስንት ነገር ይደብቃል ለካ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ ጠዋት ላይ ገዳዩን አግኝቼው ነበር። ከማንም በፊት ኢንስፔክተሯን በር ላይ ጠበቅኋት።

«ጠራቢው ነው» አልኳት።

«የቱ ጠራቢ?»

«ድንጋይ ጠራቢው፣ ከሜዳው ዳር የሚኖረው። ምሽጉን ድንጋይ በድንጋይ የበላው እሱ ነው። ዶሮዎቹ የሚያድሩት በጥንት ንጉሥ ግንብ ውስጥ ነው። መምህሩ ከአንዴም ሁለቴ ከሶታል። ሄደሽ ያዢው!»

ሄድን። ጠራቢው ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጄሶ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል።

«ገደል ላይ ወጥቼ ሰው ገደልኩ?» አለ። «በየትኛው እግሬ? ያንቺን አበድሪኝና ልሞክረው።»

«ምላስህ መቼ ተሰበረ?» አልኩት።

ጤና ጣቢያው ጄሶው ከግድያው በፊት የታሰረ መሆኑን አረጋገጠ። አፌን ዘጋሁ፣ ለትንሽ ጊዜ። ኢንስፔክተሯ ግን ቶሎ አልወጣችም። ከዶሮዎቹ ቤት ፊት እንደ ደረጃ የተጣለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዓይኗን ጣለች። ፊቱ ላይ ሳይጨረስ የቀረ በሬ አለ፣ አንድ ቀንዱ ተሸርፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መለማመጃ ነው» አለ ጠራቢው፣ ጄሶውን እያከከ። «ቀንዱ እምቢ አለኝና ጣልኩት።»

«ለዶሮ ደረጃ በሬ ይቀረጽላታል?» ብዬ ሳቅሁበት። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ድንጋዩን ፎቶ አነሳችው።

«አሁን መንገዱን አሳዩኝ» አለችኝ። «እስከ ጫፍ።»

የከተማ ጫማ ነው ያደረገችው። የሟች ባለቤቴን ቦት ጫማ ሰጠኋት፣ በካልሲ ላይ ካልሲ ደርባ ገባላት። ድልድዩን ተሻገርን። ሜዳው ላይ ትክል ድንጋዮቹ እንደቆሙ ናቸው፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ ጎራዴና ክብ የተቀረጸባቸው። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። መምህሩ በየድንጋዩ ሥር ቆሞ «አናውቅም» የሚል ሰው ነበር። እንግዶቹ ይቀየሙ ነበር፤ ከፍለው መጥተው አናውቅም ይባላል? እኔ ግን የምወድለት እሱን ነበር።

መቃብሩ ውስጥ ብርድ ነው። ኢንስፔክተሯ በሬውን በባትሪ አየችው፣ ከዚያ ባለ ባርኔጣው ቆሜባት ነበር ያላት ትንሽ ክፍል ገባች። ከቀዳዳው ሥር ከአለቱ የወጣ መደርደሪያ የመሰለ ነገር አለ። ቦርሳዋን እዚያ ላይ አስቀምጣ ካልሲዋን አስተካከለች። ክፍሏ ወደ ደጅ የሚያስወጣ የራሷ በር ነበራት፤ በሷ ወጣን።

ጠባቧ መታጠፊያ ላይ የፖሊስ ገመድ ተወጥሯል። ሳጅኑ ከዚያ አላለፈም፤ ሬሳው እዚያ ከሆነ ከዚያ በላይ ምን ይሠራል? እኛ አለፍን። ጥርሷን ይዛ፣ እያለከለከች፣ አንዴ እንኳ ይብቃን ሳትል ምሽጉ ድረስ ወጣች።

ፎጣዬ እዚያ ነበር። ሰማያዊው፣ ጠርዙን በእጄ የሰፋሁት። የፈረሰው ግንብ ላይ ተዘርግቷል፣ በየጠርዙ ጠጠር ተጭኖበት።

«የእኔ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየችው። «ነፋስ ወስዶት ይሆናል።»

«ነፋስ ነው ጠጠር የጫነበት? ላቡን ጠርጎበት ሊያደርቀው አስጥቶት ነው። ሰውየው እዚህ ድረስ ደርሷል።»

«ወይም ሌላ ሰው አምጥቶታል። ፎጣ በሰው እጅ የትም ይደርሳል፣ እትዬ። በዚህ ብቻ ሰው አልፈታም።»

ተናደድኩ። ሳልናገራት መውረድ ጀመርኩ። ቁልቁሉ ላይ ከኋላዬ «ውይ! ውይ!» ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ ሳያት ጣቶቿ የጫማውን ጫፍ እየመቱ ነው።

«ማሰሪያውን አጥብቂው እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሽቅብ ላላ፣ ቁልቁል ጠበቅ! እንዲህ ሆነሽ ብትወርጂ ጥፍርሽን ጥለሽው ነው የምትገቢው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማሰሪያውን ይዛ ግን አላጠበቀችውም፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን የሚያውቀው ማነው?»

«እዚህ የተራመደ ሁሉ። ቀጭኑ ጫፍ ላይ ሳያስቀምጥና ዳግም ሳያሳስር ማንንም አያወርድም። መምህሩማ ጥንትም እንዲሁ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱን ከታሰረ እግሩ ይደነዝዝበታል።»

ስልኳን አውጥታ ሳጅኑ ጋ ደወለች። «የሟቹ ጫማ ማሰሪያ እንዴት ነበር?… አይ፣ ቀለሙን አላልኩም። እንዴት ነው የታሰረው?… አንብብልኝ… እሺ።» ስልኩን ዘጋች።

«ሐኪሙ ሊያወልቀው አቅቶት በመቀስ ቆርጦታል» አለችኝ። «ሁለቱም እግር እስከ መጨረሻው የማሰሪያ ቀዳዳ ድረስ ተወጥሮ፣ በድርብ ቋጠሮ ነበር የታሰረው።»

እዚያ ተቀምጠን ሁለታችንም ቁልቁሉን አየነው። ሰውየው ሽቅብ እየወጣ አልሞተም። ጫፍ ደርሷል፣ ላቡን ጠርጓል፣ ፎጣ አስጥቷል፣ ተረጋግቶ ጫማውን ለመውረድ አጥብቋል። ግንባሩን የመታው ሰው ከታች መጥቶ ፊት ለፊት ነው የገጠመው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀድሞ የወረደው ቀጭኑ ከሾፌሩ ጋር ቤቴ ተቀምጧል፣ ሻዩ እየቀዘቀዘ።

«አላልኩሽም?» አልኳት።

«ብለዋል። ጠራቢው ነውም ብለዋል።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን አጠበቀች። ከታቻችን የመቃብሮቹ በሮች ጥቁር ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ ከነሱ እስከ መታጠፊያዋ ያለው አቀበት አጭር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ልጄ ካልሆነ ከቀሩት አንዱ ነው፤ የቀሩት ደግሞ ቤቴ የበሉ ሰዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንሺዋን ካሜራዋንና መብራቷን ይዛ ምግብ ቤቴ እንድትመጣ አደረገች። መጋረጃውን ዘጋን። ሳጅኑን ወጥ ቤት አስገብታ፣ ምግብ በማሳልፍባት መስኮት በኩል መብራቱን እንዲይዝ አዘዘችው።

«እንዳትነቃነቅ» አለችው። «ወንድ ከሆንክ።»

ሳጅኑ ደረቱን ነፋ። ካሜራው ተከፍቶ ቆየ። መጀመሪያ ክንዱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሁለመናው መንቀጥቀጥ ያዘ። ፎቶ አንሺዋ ኮምፒውተሯ ላይ አሳየችን፤ የግድግዳዬ ስንጥቆች ሁሉ ጥላቸው ተደርቦ ተድበስብሷል።

«መብራቱን የያዙልሽ ሰውዬ ከዚህ ልጅ ይበረታሉ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን መስኮቱ ላይ አስቀምጠውና ራቅ በል።»

ሁለተኛው ፎቶ እንደ ምላጭ የጠራ ነበር። ፎቶ አንሺዋ አጠገቡ የዚያን ቀኑን የበሬ ፎቶ ከፈተችው። እሱም እንደ ምላጭ ነው፤ ሁሉም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መብራቱን ንኪልኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ነካችው። «ቀዝቃዛ ነው… ይሄ ዓይነት መብራት አይሞቅም። እኔ… እኔ ሳላስበው ነው ያልኩት…»

«ላቡ የመብራቱ አልነበረም።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «እዚያው ነበሩ ብዬ ማልኩ። ብርሃኑን ነው ያየሁት።» ወንበር ሰጠኋት። ብርሃኑ ካለ ሰውየው አለ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም፤ እኛም ሰምተን አመንናት።

ኢንስፔክተሯ ግን ዓይኗን ከፎቶው አልነቀለችም። የስልኳን ፎቶ አውጥታ አጠገቡ አደረገችው፤ የዶሮዎቹ ደረጃ። እኔ ያልተማርኩት ሴትዮ እንኳ አየሁት። ያው ግንባር፣ ያው አንገት፣ ቀንዱን ደግሞ ያው እጅ ነው ያጠፈው። በሬው የጥንት አልነበረም።

ጠራቢው ወዲያው ተናገረ። ባለ ባርኔጣው «የጥንቱ ስለጠፋ እናድሰው» ብሎ አሠራኝ፣ ጋዜጣ ላይ ሳየው ግን አፌን ዘጋሁ አለ። ቀጭኑም መናገር ነበረበት። ኢንስፔክተሯ እኔ ባለሁበት ነው ያናገረችው።

«ጠራቢውና የመምህሩ ወንድም ከመቃብሩ ነጭ አቧራ ለብሰው ሲወጡ አይቻቸው ነበር» አለ፣ እኔን ሳያየኝ። «ከዚያ በሬው ተገኘ ተባለ። ሰው ጎረፈ። አክስቴ አልጋ ጨመረች። ዝም አልኩ። የዚያን ቀን መምህሩ መብራቱ ከጎን ሲበራ የመሮውን ምልክት አዩት። ደጅ ወጥተው 'ይሄ አዲስ ነው፣ አይደል?' ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ነው የጮኹብኝ።»

«ተከትለህ ምን አልካቸው?»

«ይተዉት አልኳቸው። ሂድ ከፊቴ አሉኝ።»

ባለ ባርኔጣውን ከመቃብር ቦታ፣ ወንድሙን ከቀበረበት ነው የያዙት። ብዙ አላስቸገረም። ጩኸቱን ትንሿ ክፍል ሆኖ ሰምቷል። መብራቱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ በክፍሏ የራሷ በር ወጣ። መታጠፊያዋ ላይ መምህሩ ሲወርድ አገኘው። ለመነው፤ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው አሉ። መምህሩ ለመጽሐፉ ሰዎች ዛሬውኑ እናገራለሁ አለው። «ስሜን ሊቀብረው ነበር» ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው። ኢንስፔክተሯ ይህን ስትነግረኝ ጉንጯን ይዛ ነበር።

«ጥርስሽን አስነቅዪው» አልኳት።

«ነገ» አለች። ሄደች።

ቀጭኑ ወደ ቤት ተመለሰ። ጋዜጣው የወንድማማች ጠብ ብሎ አለፈው፣ ስለ በሬው አንድ ቃል የለም። የሚመለከታቸው ሰዎችም «እስኪጣራ ምንም እንዳትሉ» ብለው ላኩብን። እንግዳው ጭራሽ ባሰበት። በመጀመሪያው ጠዋት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ወርዶ ደጄን ሞላው፤ ሴትየዋ ከመውረዷ «የበሬው መቃብር በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ቀጭኑ ጓዳ ተቀምጧል። «አክስቴ፣ ምን ልበላቸው?»

«አንተ ምን አሰብክ?»

«እስኪጣራ ዝም በሉ ብለዋል። እውነቱን ካወቁ ደግሞ ማን ይመጣል? አልጋዎቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

«አልጋዎቹ የእኔ ናቸው፣ እንጨታቸውን ፈልጬ እሞቀዋለሁ። በእኔ ስም ዝም አልክ፤ ጠይቀኸኝ ነበር? እኔ ዝም በልልኝ ብዬህ ነበር? ያ ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ የቀረው 'አናውቅም' ማለት የማያፍር ሰው ስለነበረ ነው። ተነስ።»

«አክስቴ…»

«ተነስ አልኩህ! ሰዎቹን መቃብሩ ድረስ ውሰዳቸው። በሩ ላይ አቁማቸውና ይሄ በሬ የትናንት ሥራ ነው፣ እኔም አውቅ ነበር፣ ይህን የተናገረው ሰው ሞቶበታል በላቸው። በሹክሹክታ አይደለም፣ ጮክ ብለህ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆሜ ካልሰማሁህ እንደገና ትለዋለህ።»